ውሃን የተወ ሠዓሊ

እንቅልፍ እዚህ አገር ከገባ ጀምሮ ጠላቱ ነው፤ ሲፈልገው ይሸሸዋል፣ ሳይፈልገው ደግሞ በሚሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ እያጣጠፈ ሳለ ከኋላው መጥቶ አንገቱን ያንቀዋል። ይኸው አሁንም ከሥራ ገብቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ መስኮቱን በጥቁር ፕላስቲክ ደፍኖ ተጋድሟል፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፣ ሌላው ሰው ወደየጉዳዩ ይሮጣል፣ እሱ ጣሪያ ያያል። ጣሪያው ነጭ፣ ግድግዳው ነጭ፣ ሲያጣጥፍ ያደረው የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ ነጭ፣ እጁ ራሱ ከማጠቢያው መድኃኒት ብዛት ነጥቶ የሌላ ሰው እጅ መስሏል። አርባ ዓመት ሙሉ ቀለም ሲያሳድድ ኖሮ መጨረሻው ነጭ ውስጥ መዘፈቅ ሆነ፤ ይበለው፣ ይላል ለራሱ፣ ማንም አልገፋውም፣ በገዛ እግሩ ነው የመጣው፤ ለነፋስ ሥዕሎቹ ኤግዚቢሽን ተጋብዞ፣ በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ ብሎ፣ ይኸው አምስት ዓመቱ። ታላቅ እህቱ በየሳምንቱ ስትደውል "መቼ ነው ታዲያ?" ትለዋለች፤ "ወረቀቱ ሲያልቅ" ይላታል፤ የምን ወረቀት እንደሆነ እሷም አትጠይቅም፣ እሱም አያውቅም።

ወረቀት ባለ ቁጥር ያቺ የውጭ ዜጎች መመዝገቢያዋ የመጀመሪያዋ ጸሐፊ ትዝ ትለዋለች፣ ደሙም ይፈላል። መስተዋት ኋላ ተቀምጣ ቀና ብላ ሳታየው "ሥራ?" ትላለች፤ አስተርጓሚው "ሥራህ ምንድነው?" ይለዋል፤ "ሠዓሊ" ይላል፤ ሁለቱ ተነጋገሩና አስተርጓሚው ዞሮ "የቤት ግድግዳ ነው የምትቀባው?" አለው። "አይደለም፣ ነፋስ ነው የምሥለው።" አስተርጓሚው ለረጅም ጊዜ አየው፤ ይህንን አልተረጉምም የሚል ፊት ነበረው፤ ከዚያ አንድ አጭር ቃል ብቻ ተናገረ፣ ጸሐፊዋም ጻፈች። ምን እንደተጻፈ ያወቀው ከወራት በኋላ ነው፦ ሥራ የለውም። እስከ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ስሙን ሲያስገቡ ያው ቃል ይወጣል፣ እነሱም አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ይነቅንቁት። እነሱ ያውቁ ይመስል።

ጭቃው ነበር ቅጽል ስሙ። ሥዕል ትምህርት ቤት እያለ ጓደኞቹ ናቸው ያወጡለት፤ ቀለም ገዝቶ ከመቀባት ይልቅ ጭቃ አቡክቶ መለቅለቅ ስለሚወድ። ሌሎቹ ቆንጆ ሲሥሉ፣ ሹም ሲሥሉ፣ እሱ "ሰው ፊቱን አስተካክሎ ነው የሚቀመጥልህ፣ ውሃ ግን ለማንም አይስተካከልም" እያለ መምህሩን ያበሳጭ ነበር። መጀመሪያ የያዘው ውሃ ነው። አሥራ አራት ዓመት ውሃ ብቻ ሣለ፤ የኩሬ ውሃ፣ ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውሃ፣ ባልዲ ውስጥ የተኛ ውሃ፤ ውሃ የራሱ ቀለም የለውም፣ አጠገቡ ከቆመው ሰርቆ ነው የሚለብሰው፣ ስለዚህ ውሃን ለመሣል ሌባ እንደሚጠባበቅ ሰው አድፍጦ መቀመጥ ነው ይል ነበር። "ውሃው" የተባለውን ትልቁን ሸራ ሲጨርስ ዕድሜው አርባ ሞልቷል፤ ሸራው በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አዳራሽ ተሰቀለ፣ ስሙ ገነነ፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድ ጠብታ ውሃ አልሣለም። ወደ እሳት ዞረ። ሰባት ዓመት ሸክላ ከሚተኩሱና ከሰል ከሚያከስሉ ሰዎች ጋር ጭስ ለጭስ ተንከራተተ፤ ቅንድቡ ሁለቴ ተቃጥሎ ሁለቴ በቀለ፤ እሳት ቀይ ነው የሚሉ እሳትን ከሩቅ ያዩ ናቸው፣ የእሳት እውነቱ ጥቁሩ ነው፣ በልቶ ሲያበቃ ጥሎት የሚሄደው። ከዚያ ነፋስ፣ አሥር ዓመት። ነፋስ አይታይም፣ ያለህ ምርጫ የሚያንገላታውን መሣል ብቻ ነው፤ ኮረብታ ላይ ሽቦ ወጥሮ አሮጌ ጨርቅ እየቀደደ ያንጠለጥላል፣ ከሥሩ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይቀመጣል፤ የሰፈሩ ሰው አበደ አለ፣ ያበደም እንደሆነ ለነሱ ምናቸው ነበር። አንድ ጋዜጠኛ መጣና "ከውሃ ወደ እሳት ምን አሻገረዎት?" አለው። "ውሃ የሚነግረኝን ነግሮኝ ጨረሰ" ሲል መለሰ። ይህችን በትልቁ አወጧት፣ ተማሪዎች በደብተራቸው ገለበጧት። ዛሬ በጀርባው ተንጋሎ ሲያስባት ምራቁን መትፋት ያምረዋል።

ምክንያቱም ውሃ ነግሮት አልጨረሰም። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው፣ ታናሽ ወንድሙ ሚስት አግብቶ ወንዝ ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ ቤት የሠራ ጊዜ። እሱ ውሃ ልሣል ብሎ ሁለት ወር እነሱ ዘንድ ከረመ፤ የወንድሙ ሚስት ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን፣ "ጋሼ፣ ዛሬስ ወንዙ ምን አለዎት?" እያለች የምትቀልድበት ሴት ነበረች። ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበና ወንዙ አልጋውን ጥሎ ወጣ። ወንድሙ ገመድ ከወፍጮ ቤቱ ብረት ምሰሶ አሥሮ፣ ጫፉን በግራ እጁ ይዞ ሚስቱን ከተከበበው ቤት ሊያወጣ ውሃው ውስጥ ገባ፤ እሱ እዚያው ምሰሶው አጠገብ፣ የወፍጮ ቤቱ ሲሚንቶ ደረጃ ላይ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ነበር። ለሰው ሁሉ የነገረው እንዲህ ብሎ ነው፦ ጀርባዬን ለነሱ ሰጥቼ ወደ ላይኛው ወንዝ ነበር የማየው፣ ውሃው ይጮሃል፣ ምንም አልሰማሁም፣ ስዞር ወንድሜ ብቻውን ገመዱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሚስቱን ውሃ ወስዷታል። ወንድሙ ደግሞ "ጠርቼው ነበር" አለ። ሰዎቹ ርቀቱን በእግራቸው ለኩት፤ አሥር እርምጃ። አሥር እርምጃ ላይ ቢጠራው ይሰማ ነበር ተባለ፤ ስለዚህ አልጠራውም፤ ስለዚህ ራሱን ለማትረፍ የሚስቱን እጅ ለቀቀ፣ ኋላ አፍሮ ጠራሁ አለ። ይህንን ማንም በአንድ ቀን አልወሰነም፤ በየበሩ ቀስ እያለ እውነት ሆነ። እሱም ዝም አለ። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም፣ ይላል፤ በተለይ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ይላል፤ ከዚያ ይገላበጣል።

እዚህ የመጨረሻውን ያዘ፤ አፈርን። ከሥራ ሲወጣ ሕንፃ ሊተከልበት ከተቆፈረ ጉድጓድ ዳር፣ ከመንገድ ዛፍ ሥር፣ የውሃ ቧንቧ ከሚጠግኑ ሰዎች እግር ሥር በኪሱ ይዞ ይመጣል፤ በአሮጌ ስቶኪንግ ይነፋዋል፣ በእንቁላል አስኳል ይለውሰዋል፣ በየማርማላታው ጠርሙስ አድርጎ ግድግዳውን ሙሉ ደርድሮታል። ሲያዩት አንድ የሚመስለው አፈር ሲረጥብ አንዱ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፣ አንዱ እንደ ጉበት ይጠቁራል፣ አንዱ ደግሞ እልኸኛ ነው፣ ምንም አይሆንም። እዚህ አገር የሚያናግረው አፈሩ ብቻ ነበር። ትናንት ታዲያ በበሩ ሥር ወረቀት አገኘ፤ ጎረቤቶች ሽታና አቧራ አለ ብለዋል፣ ክፍሉ ዛሬ ይታያል። ወረቀቱ ላይ ወዳለው ስልክ ቁጥር ሲደውል የሴት ድምፅ ለዚህ አንድን ይጫኑ፣ ለዚያ ሁለትን ይጫኑ አለችው፤ ለአቤቱታ ሦስትን ተጫነ፣ ሙዚቃ ከፈተችለት፤ ሙዚቃው አልቆ መልሶ አንድን ይጫኑ ሆነ። አንቺንም እግዜር ይይልሽ አላት።

አራት ሰዓት ላይ ተንኳኳ። የሕንፃው ኃላፊ ነው፣ ቀጭን፣ ብዕሩን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ከኋላው ደግሞ ጠራጊው ጎማ ያለው የቆሻሻ በርሜል ይዟል። በርሜሉን ሲያይ ነገሩ ሳይጀመር ማለቁን አወቀ።

"ይህ ምንድነው?" አለ ኃላፊው ወደ ጠርሙሶቹ እያመለከተ።

"አፈር።"

"ተክል አለው?"

"የለውም።"

"አፈር ብቻ?"

"አፈር ብቻ። ለሥዕል ነው።"

ኃላፊው ደንቡን ገልጦ አነበበ፣ ገልብጦም አነበበ፤ የሚያሳዝነው ከልቡ ይፈልግለት ነበር። "ተክል ቢኖረው ሁለት ይፈቀድልህ ነበር" አለው። "ተክል የሌለው አፈር ደንቡ ላይ የለም። የሌለ ነገር ደግሞ መፍቀድ አልችልም።"

"አምስት ዓመት ነው የሰበሰብኩት።"

"ለዚህ ነው የበዛው" አለ ኃላፊው፣ ክፋት አልነበረበትም፣ እሱ ነው ይበልጥ ያበሸቀው። ጠራጊው ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ሊያነሳ ሲል እሱ "ተወው" ብሎ ራሱ ተነሳ፤ በካልሲ ብቻ ቆሞ በርሜሉ ውስጥ ራሱ ደፋው፣ ጉበት የሚመስለውንም፣ እልኸኛውንም፤ ኃላፊው ሁለቴ አነጠሰ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ፈርም አለው፣ ፈረመ። በርሜሉ በኮሪደሩ እየተንገጫገጨ ሲሄድ ሰማው። ከዚያ አልጋው ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ፤ ግድግዳው ላይ የጠርሙሶቹ ክብ ክብ ምልክት ቀርቷል፣ እሱንም ነገ መጥተው ቅባ ሊሉት ነው፣ ያኔ አስተርጓሚው ልክ ነበር ማለት ነው፤ የግድግዳ ቀቢ።

ስልኩ የጠራው ይህን እያሰበ ነው። እህቱ ናት፣ ቀኗ ሳይደርስ።

"ተኝተህ ነበር?"

"እዚህ ማን ይተኛል፣ እትዬ።"

"አትቆጣ እንግዲህ። የጓዳውን ክፍል ስናጸዳ ነው። ሥዕሎችህን ወደ ማድ ቤት አዛወርናቸው።"

"ማድ ቤት? ጭስ ሊጠጡ? አሥራ ሰባት ዓመት የለፋሁበትን እኮ ነው የምትይኝ፣ አንድ ክፍል ለናንተ ይህን ያህል —"

"አንተ ልጅ" አለችው፣ "ሰው ማስተኛ አጥተን ነው። አማቱ መጥተዋል።"

እህቱ ከዚያ ከጎርፉ በኋላ ወንድሙ ዘንድ ገብታ ቤቱን የያዘች ናት፤ እሱ ሲሄድ ሥዕሎቹን የተቀበለችውም እሷ ናት፤ ወንድሙ አስገቢም አታስገቢም ሳይል በሩን ከፍቶላት ሄደ። አማቱ የምትለው የሟቿን እናት ነው። ቤታቸው ተደርምሶ፣ ሌላ ዘመድ አጥተው፣ ሁለት ወር ሆናቸው ወንድሙ አዝሎ ካመጣቸው።

"ከእጁ አይበሉም" አለች እህቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ያጥባቸዋል፣ ያነሳቸዋል፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ስሙን አይጠሩትም፣ 'ያ ሰውዬ' ነው የሚሉት። አሁን ደግሞ ደክመዋል፣ ሐኪሙም ተስፋ የለውም። እና... ደብተርህን አገኘነው።"

"የቱን ደብተር?"

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተንኮሻኮሸ።

"እኔ ነኝ" አለ ወንድሙ።

ሃያ ሁለት ዓመት ያልሰማው ድምፅ ነው። ድሮ "ጋሼ" ሳይል አፉን የማይከፍት ልጅ፤ ድምፁ ሻክሮ የአባታቸውን መስሏል።

"የወንዙ ሰሞን የነበረው ደብተር ነው" አለ ወንድሙ። "አንዱ ገጽ ላይ እኔ አለሁ። ግራ እጄ ገመዱን ይዟል። ቀኙ ከውሃ በታች ነው፣ አይታይም። አፌን ከፍቻለሁ። ወደ አንተ ነው የማየው።"

አለ፣ ያ ገጽ አለ። መቅደድ ነበረበት፣ ማቃጠል ነበረበት፣ ሰባት ዓመት እሳት ፊት ተቀምጦ ነበር እኮ፣ አንድ ወረቀት መጣል አቅቶት አልነበረም፤ ነገር ግን በዕድሜው ካወጣቸው መስመሮች ሁሉ የሚበልጠው እዚያ ገጽ ላይ ነው ያለው፣ ያ አፍ፣ እርሳሱ ሳይነሳ በአንድ እስትንፋስ የዞረው፤ እሱን ማጥፋት አልሆነለትም። ለዚህ ቀን ደግሞ መልስ ነበረው፤ ሃያ ሁለት ዓመት አዘጋጅቶ ያስቀመጠው።

"ከሐሳቤ ነው የሣልኩት" አለ። "በኋላ፣ ቤት ከገባሁ። ሠዓሊ ነኝ፣ ያላየሁትንም እሥላለሁ።"

"ወረቀቱን ዝናብ መቶታል" አለ ወንድሙ። "እርሳሱ ላይ ጠብታ ጠብታ አለ፤ መስመሩ ታጥቧል። ከሐሳብህ ስትሥል ቤት ውስጥ ይዘንብ ነበር?"

የወፍጮ ቤቱ ሲሚንቶ ቀዝቃዛ ነው፣ ሱሪው ርሷል፣ ደብተሩን በደረቱ እየከለለ ነው የሚሥለው፤ ውሃው ቡናማ አይደለም፣ ሁሉም ቡናማ ነው ይላል፣ ከሥሩ ግን ሌላ ቀለም አለ፣ ሊይዘው ጥቂት ቀርቶታል፣ አሥራ አራት ዓመት የጠበቀው ሌባ እዚያ ፊቱ ቆሟል፤ ድምፅ ይመጣል፤ ቆይ፣ ይላል በሆዱ፣ አንድ ጊዜ ቆይ፤ ድምፁ እንደገና ይመጣል፤ ቀና ይላል፣ ያያል፣ አፉ የተከፈተውን ሰው ያያል፣ እጁም ወደ ገመዱ አይሄድም፣ ወደ ወረቀቱ ይሄዳል።

"ሰምተኸኝ ነበር?" አለ ወንድሙ።

"አዎ።"

ከዚያኛው ወገን የወንበር ድምፅ መጣ፤ የቆመ ሰው የተቀመጠ ይመስላል።

"ስንቴ ጠራሁህ?"

"ሦስቴ።"

"ምን ብዬ?"

"'ጋሼ፣ ሳበን' ብለህ።"

"ሳበን?"

"ሳበን።"

"ሰው ሁሉ አልጮህክም ሲለኝ" አለ ወንድሙ ቀስ ብሎ፣ "ኋላ ኋላ ለኔም ያልጮህኩ መሰለኝ። በሕልሜ አፌ ይከፈታል፣ ድምፅ የለም። እጇንም የለቀቅኩት እኔ ነኝ ብዬ ተቀብዬ ነበር።" ድምፁን አደነደነ። "ለኔ አትንገረኝ። ለእሳቸው ንገራቸው። አሁን፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ላደርገው ነው።"

"ቆይ" አለ እሱ፣ ቃሉም ገና ከአፉ ሳይወጣ አስጠላው።

ወንድሙ አልቆየም። እግር ተሰማ፣ በር ተሰማ፣ ከዚያ የአሮጊት ትንፋሽ፣ አጭር አጭር።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ እማማ። ሠዓሊው።"

"አይሰማኝም። ጮክ በል።"

ይህ ሕንፃ ሰው ሳል የሚያፍንበት ነው። ተነስቶ ቆመ፤ በካልሲው፣ አፈር በተበተነበት ወለል ላይ።

"ሠዓሊው ነኝ እማማ። ታላቅየው።"

"እ። ምን ፈለግህ?"

"ጠርቶኝ ነበር" አለ።

"ጮክ በል አልኩህ እኮ፣ ጆሮዬ ሄዷል።"

ጮኸ። በዕድሜው እንደዚያ ጮኾ አያውቅም፤ ጠርቶኝ ነበር እማማ፣ ሳበን ብሎ ሦስቴ ጠርቶኝ ነበር፣ ሰምቼዋለሁ፣ አልሳብኩም፣ ገመዱ አጠገቤ ነበር፣ አልሳብኩም፤ ማንም በማያውቀው ቋንቋ ግድግዳው እስኪያስተጋባ ጮኸ፤ ከላይ አንድ ሰው ወለሉን በተረከዙ ደበደበ፣ ከጎን ደግሞ ግድግዳው ተመታ፤ ደብድቡት፣ አለ፣ ውረዱና ጻፉኝ።

"ምን ስትሠራ?" አሉ አሮጊቷ።

"እየሣልኩ።"

"ምን?"

"ውሃውን፣ እማማ። ውሃውን እየሣልኩ ነበር።"

ትንፋሻቸው ጠፋ። ሞቱ እንዴ ብሎ ደነገጠ።

"እሷንስ አይተሃታል?"

"አይቻታለሁ።"

"ምን ለብሳ ነበር?"

እየፈተኑት ነው። ሊያምኑት የሚችሉት በዚህ ብቻ ነው፤ ቤት ውስጥ ሆኖ የሰማና ውሃው ፊት ቆሞ ያየ አንድ አይደሉም። ደግሞም ቀለም ነው የጠየቁት፣ እሱን። ከሃያ ሁለት ዓመት ወዲህ ያን ቀለም በየትኛውም ሸራ ላይ አልነካውም፤ ለእሳት አላስፈለገም፣ ለነፋስ አላስፈለገም እያለ አሳልፎታል።

"አረንጓዴ ሹራብ" ብሎ ጮኸ። "የሎሚ ቅጠል አረንጓዴ። አንዱ ክርኑ ላይ በግራጫ ክር ተጥፏል።"

"ግራጫ ክር ነው" አሉ አሮጊቷ። "አረንጓዴ አልነበረኝም። እኔ ነኝ የጣፍኩት።"

ከዚያ ለሱ አልተናገሩም። ስልኩ ትራስ ላይ ወድቆ ሳይሆን አይቀርም ድምፁ ሁሉ ታፈነ፤ ያም ሆኖ ሰማቸው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ሲጣሩ። "ልጄን ጥሩልኝ። የታለ ልጄ? መጥቶ ውሃ ያጠጣኝ።"

የሚሮጥ እግር ሰማ። ብርጭቆ ሰማ። እህቱ የሆነ ነገር አለች፣ ልቅሶ ይሁን ሳቅ አልለየውም። ወንድሙ "ቀስ ይበሉ፣ ቀስ ይበሉ፣ አይፍጠኑ" ይላል፤ አሮጊቷ ይጎነጫሉ፣ ያርፋሉ፣ ደግሞ ይጎነጫሉ። እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ በሩ እየተንኳኳ፣ የኃላፊው ድምፅ ስሙን አዛብቶ እየጠራ፣ አንዲትም ጉንጭ እንዳታመልጠው ትንፋሹን ይዞ ቆሟል።

ስልኩ ተነሳ።

"ገና አለህ እንዴ?" አለ ወንድሙ።

"አለሁ።"

"ዝጋው" አለው። "ሃያ ሁለት ዓመት ነው፣ አሁን እንኳ እንተኛ።"

ዘጋው።